ውሃው ገና ትኩስ ነበር

እናቴ ራሴን የላጨችኝ በጠዋት፣ ሦስት የማላውቃቸው ወንዶች እያዩ፣ በአባቴ የጢም መላጫ ነው። ይህን ስናገር የሚሰሙኝ ሰዎች ቀልድ የጀመርሁ እየመሰላቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ የሆነውን በቅጡ የተረዳሁት አድጌ፣ ተምሬ፣ በተራዬ የሰው ልጆችን ማስተማር ከጀመርሁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ገና ቃላትን እየገጣጠምሁ ማንበብ የጀመርሁ ልጅ ነበርሁ። አባቴ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበር፤ ከትንንሽ የእርሳስ ፊደሎች ቃል እየሠራ፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ የሚያቆም ሰው። የጣቶቹ ጫፍ ታጥቦ የማይጠራ ጥቁረት ነበረው፤ ፊቱ ግን ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነበር። ሲላጭ ማየት ከሁሉ የምወደው ነገር ነበር። በየማለዳው መኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ ትኩስ ውሃ በጎድጓዳ ሳሕን ያስቀምጣል፤ ትንሿን መስተዋት ከመስኮቱ ጋር ያስደግፋታል። ትኩስ ውሃ የጠጣ ፎጣ ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ጢሙ እስኪለሰልስ ይጠብቃል። ከዚያ ብሩሹን ነክሮ፣ ትርፉን አራግፎ፣ በእንጨት ጽዋ ውስጥ በተቀመጠችው ክብ ሳሙና ላይ ያሽከረክረዋል። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋ ቀጭንና ዓይን ዓይን ያለው ነው። እርሱ ግን አይቸኩልም፤ ዓይኑ ጠፍቶ እንደ እርጎ እስኪወፍር ድረስ ይመታዋል።

መላጫው ከባድ፣ ባለ እጀታ፣ ምላጩ በሁለት የብረት ከንፈሮች መካከል ተነክሶ ጠርዙ ብቻ ብቅ የሚልበት ዕቃ ነበር። መጀመሪያ ጢሙ ወደ በቀለበት ይስበዋል፤ ከዚያ ዳግም አረፋ ቀብቶ በተቃራኒው። ምላጩ ጢሙን ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሰው በደረቅ ቅጠል ላይ በቀስታ ሲራመድ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ የለም። እናቴ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ ልብስ እያጠፈች፣

«ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል። መልካም ልጅ ከሆንሽ ቶሎ ይመጣል» አለችኝ።

«መላጫውን ረስቶታል እኮ!»

የመለሰችልኝ አክስቴ ናት። አክስቴ አብራን የምትኖር የአባቴ ታላቅ እኅት ስትሆን፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ክፉ ነገር ሲመጣ ቀልዷ የሚበዛባት ሴት ነበረች። «እዚያ አገር በመጋዝ ነው የሚላጩት፤ ምን አሳሰበሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶሎ እንዲመጣ ብዬ መልካም ልጅ ሆንሁ። የቀረበልኝን ሁሉ ጠርጌ በላሁ፤ ጫማዬን አጸዳሁ፤ አንድም ውሸት ሳልናገር ዋልሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስም መጀመሪያ የማደርገው ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቼ የአባቴን ብሩሽ በጣቴ መንካት ነበር። ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እናቴን ለምን እንደሚረጥብ ብጠይቃት፣ «በየቀኑ ካልታጠበ ብል ይበላዋል» አለችኝ። እኔም ናፍቆት አላስቀምጥ ብሏት የባሏን ብሩሽ እንደ ሕፃን የምታጥበው መሰለኝ።

አባቴ የትም አልሄደም ነበር። ከመኝታ ክፍላችን ቁም ሳጥን ጀርባ፣ በሁለት ግድግዳዎች መካከል፣ አንድ ሰው ተኮራምቶ የሚቀመጥበት ክፍተት ነበረ፤ የቁም ሳጥኑ የኋላ ሳንቃ ወደ ውስጥ ይከፈታል። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ ስለ ነበር ይፈለጋል፤ ከጓደኞቹ መካከል ተይዞ የተመለሰ አልነበረም። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ይወጣል፤ የምመለስበት ሰዓት ሲቃረብ ይገባል። ሌሊት ሌሊት የእኔን ትንፋሽ ይሰማ ነበር ማለት ነው። ያልነገሩኝ ጠልተውኝ አይደለም፤ መዋሸት ስለማልችል ነው። ማንም ቢጠይቀኝ እውነቱን እንደምናገር ያውቃሉና፣ የምናገረውን እውነት እነርሱ መርጠው ሰጡኝ።

እናቴ ጢሙን እንዲያሳድግ ለምናው ነበር። ጢም ሰውን ይለውጣል፤ ደግሞም ውሃ ማሞቅ፣ ሳሙና መምታት፣ ብሩሽ ማድረቅ የሚባል ጣጣ ይቀራል። እርሱ ግን፣ «በጨለማ መቀመጡን ተቀብያለሁ። ፊቴን ግን እነርሱ አይወስኑልኝም» ብሎ እምቢ አለ። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፤ ስትነግረኝም በኩራት ይሁን በንዴት እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም። ወንድ በሌለበት ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚረጥብ የጢም ብሩሽ! ማንኛውም ዓይን ያለው ሰው ቢገባ ኖሮ…

ታዲያ አንድ ማለዳ ክፍል ገብተን ብንጠብቅ መምህራችን ቀሩ። ታመዋል ተባለና ወደየቤታችሁ ሂዱ ተባልን። እኛም ደስ ብሎን፣ ደብተራችንን እየወረወርንና እየቀለብን ወጣን። መምህራችን አልታመሙም ነበር። የታጠቁ ሰዎች ሰፈሩን ከዳር ጀምረው ቤት ለቤት ሲፈትሹ፣ መጀመሪያ የደረሱት እርሳቸው ቤት ነው።

ቤታችን ደርሼ በሩን ብገፋው ተቆልፏል። አክስቴ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በር መቆለፍ ታበዛ ነበር። አንኳኳሁ። ከውስጥ አንድ ነገር ወደቀ፤ የቁም ሳጥኑ በር ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

በሩ ተከፈተ። የአክስቴ ፊት ላብ አውጥቷል።

«ምነው አንቺ፣ ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?»

«መምህሩ ታመሙ፤ ሂዱ ተባልን።»

አክስቴና እናቴ ተያዩ። እኔ በመካከላቸው ሾልኬ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባሁ። ጠረጴዛዋ ላይ እንፋሎቱ የሚታይ ውሃ፣ መስተዋቱ፣ መላጫው፣ ከአፍ እስከ ገደፉ አረፋ የሞላ የእንጨት ጽዋ ተደርድሯል። ክፍሉ አባቴን አባቴን ሸተተኝ።

«እማዬ፣ ማን ሊላጭ ነው?»

«ማንም አይላጭም። ዕቃውን እያጠብሁ ነው። አትንኪ!» አለችና አክስቴን ይዛ ወደ ውጭኛው ክፍል ወጣች። በመጋረጃው በኩል ሹክሹክታቸው ይሰማኛል።

«እትዬ፣ መምህሩ ከቀረ እኮ ሰፈሩን ጀምረውታል ማለት ነው።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ግማሹን ብቻ ነው የተላጨው!»

«እንግዲህ በግማሹ ይሰንብታ! ምን ላድርገው፣ ልጨርስለት?»

እኔ የገባኝ የሆነ የጎረቤት በግ ጸጉሩ እየተሸለተ ግማሹ እንደ ቀረ ነው። ለበጉ አዘንሁ። ወዲያውም ረሳሁት፤ ዓይኔ ከአረፋው ላይ አልነሣም ብሏል። ብሩሹን አነሣሁ። ከብዶ፣ ሞቆ፣ ነፍስ ያለው ነገር ይመስል ነበር። ጉንጬን፣ አገጬን፣ የላይኛውን ከንፈሬን ቀባሁ። መስተዋቷ ውስጥ ነጭ ጢም ያለው ትንሽ ሰውዬ ብቅ አለ። «እንደምን አደርሽ፣ የቤቱ እመቤት» አልሁ በወፍራም ድምፅ፣ አባቴ እናቴን እንደሚላት።

ያኔ የውጭው በር ተደበደበ። ማንኳኳት አይደለም፤ ድብደባ ነው።

ሦስት ሆነው ገቡ። ሁለቱ ጠመንጃ የያዙ፣ አንዱ ባዶ እጁን የሆነ ኮት ለባሽ። ሁለቱ ሳይናገሩ መሶቡንም ፍራሹንም መገልበጥ ጀመሩ። ኮት ለባሹ ግን ሰላምታ ሰጠ፤ እናቴንም «ይቅርታ ያድርጉልን፣ ሥራ ሆኖብን ነው» አላት። ፊቱ እንደ አባቴ ፊት ጥርት ተደርጎ የተላጨ ስለ ነበር ደግ ሰው መሰለኝ። ዛሬ ድረስ በጥንቃቄ የተላጨ የማላውቀው ሰው ፊት ሳይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ የማፈገፍገው ከእርሱ የተነሣ ነው።

አንዱ ጠመንጃ ያዥ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ልብሶቹን በአፈሙዙ ወጋ ወጋ አደረጋቸው፤ የኋላ ሳንቃውን አንዴ አንኳኳውና ትቶት ዞረ። አክስቴም ከኋላው ሄዳ በሩን ገጠም አደረገችና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

ኮት ለባሹ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጎ አንድ ጣቱን ሳሕኑ ውስጥ ነከረ።

«ውሃው ገና ትኩስ ነው» አለ።

ጣቱን አራገፈ።

«በዚህ ቤት ወንድ አለ?»

«የለም» አለች እናቴ።

«ታዲያ ማነው የሚላጨው?»

ሁሉም ዓይን ክፍሉን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ፤ አገጬ ላይ ያለው አረፋ እየሟሸሸ ወደ አንገቴ ይወርድ ነበር። አንደኛው ጠመንጃ ያዥ ሳቁ አመለጠው። ኮት ለባሹ ግን አልሳቀም።

«እርሷ ናት» አለች እናቴ። ድምፅዋ የእርሷ አልመሰለኝም። «ራሷን ልላጫት ነው። ቅማል ይዛ መጥታለች። ፊቷን የቀባችው እኔ ዞር ስል ስትጫወት ነው።»

«ቅማል የለብኝም!» አልሁ እኔ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ትናንት አክስቴ ራሴን አጥባ ስትጎነጉነኝ፣ «ንጹሕ ነሽ፣ እንደ ሐር ነው ጠጉርሽ» ብላኛለች።

የአባቴ ሕይወት ያን ጊዜ የተንጠለጠለው በእኔ ሁለት ቃላት ላይ ነበር።

«አዬ ጌታዬ!» አለች አክስቴ ከቁም ሳጥኑ ሥር። «ቅማል ያለበት ሰው መቼ አለብኝ ብሎ ያውቃል? እኔ ራሴ በልጅነቴ የጎረቤት ነው እያልሁ ነው ያደግሁት።»

ኮት ለባሹ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ።

«ይላጩዋት እንግዲህ። እኔም ልጆች አሉኝ፤ ቅማል ቤት ከገባ መከራ ነው። አይቸኩሉ፤ እንጠብቃለን።»

እናቴ ዕቃውን እንዳልነካ የከለከለችኝን አስታወስሁ። ብሩሹን በመንካቴ ልትቀጣኝ እንደሆነ ገባኝ። «እማዬ፣ ሁለተኛ አልነካም! ይቅርታ!» እያልሁ ወደ ኋላ ሸሸሁ። በክንዴ ያዘችኝ። እናቴ እጇን አንሥታብኝ የማታውቅ ሴት ነበረች፤ አያያዟ ግን ሥጋዬን ከአጥንቴ የሚለይ ነበር። ከጠረጴዛዋ ፊት አስቀምጣ በጉልበቶቿ መካከል ወጠረችኝ። መቀሱ ከየት እንደ መጣ አላየሁም። ከጀርባዬ አንድ ደረቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ራሴ በአንድ ወገን ቅልል አለኝ፤ ጉንጉኔ ጆሮዬን አልፎ ሳሕኑ ውስጥ ዘፍ አለ። ውሃው ተረጨ። አንድ ሞቶ የተገኘ ነገር ይመስል ነበር። ሁለተኛውም ተከተለው።

ጠጉሬን መሬት ላይ ብትጥለው ምን ነበረበት ብዬ ስንት ዓመት ተቆጥቻለሁ! ከአረፋው ሥር፣ በውሃው ውስጥ፣ ከአባቴ ጉንጭ የወረደ ደቃቅ ጥቁር ጢም ተበትኖ ነበር። ኮት ለባሹ ዝቅ ብሎ ሊያይ ነበር። እናቴ ያን ጢም በልጇ ጠጉር ሸፈነችው።

«መቀስ ይቀድማል፤ አረፋ ይከተላል» አለ ኮት ለባሹ። «እርስዎ ግን ጠጉሯ ሳይቆረጥ አረፋውን መትተው፣ ውሃውን አሙቀው ጨርሰዋል። አስገራሚ አሠራር ነው።»

እናቴ መቀሱን አላቆመችም። «የሰው ራስ ላጭቼ አላውቅም። የማውቀው ባሌ ጢሙን ሲላጭ ያየሁትን ነው። እርሱ መቀስ አያነሣም።»

«ባልዎ በዚህ ነበር የሚላጨው?»

«በዚህ ነበር።»

«ጥሩ ዕቃ ነው።»

ብሩሹ አናቴ ላይ አረፈ። አረፋው በርዶ ነበር፤ ወደ ዓይኔ ወረደና አቃጠለኝ። ከዚያ ብረቱ ግንባሬ ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ስትስበው አንዳች የጋለ ክር አናቴን የሰነጠቀኝ መሰለኝ።

«አትጫኚው!» አለ ኮት ለባሹ ከወንበሩ ብድግ እያለ። ቀድሞ ይሰጣት የነበረው አክብሮት በዚያች ቃል ቀረ። «መላጫው የራሱ ክብደት ይበቃዋል። የእጀታውን ጫፍ ያዢ፤ ጋደል አድርጊው። በሌላው እጅሽ ቆዳዋን ወጥሪ። እንዲያ! ጠጉሩ ወደ በቀለበት ልቀቂው።»

እናቴም እንደ ታዛዥ ተማሪ ያላትን ሁሉ አደረገች። ይህ ነው ከሁሉ የሚገርመኝ፤ ባሏን ሊገድል የመጣ ሰው፣ የባሏን መላጫ አያያዝ አስተማራት፤ እርሷም ተማረች።

እኔ ግን መጮኽ ጀምሬአለሁ። ደም በጆሮዬ ጀርባ ሲወርድ ይሰማኛል። «አክስቴ! አክስቴ አስጥዪኝ!» ስል አክስቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ ንቅንቅ አላለችም። እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ፣ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ተክላ፣ ሥራ እንደ ፈታች ሴት ተደግፋ ታየኛለች። ጉንጮቿ ብቻ ይንቀጠቀጡ ነበር። የምትስቅብኝ መሰለኝ።

«አባዬ! አባዬ ና! አረዱኝ! አባዬ አረዱኝ!»

ቁም ሳጥኑ ጮኸ። ኮት ለባሹ ራሱን ቀና አደረገ።

«ምነው እናቴ፣ አይቀመጡም?» አላት አክስቴን።

«ወገቤ ነው ልጄ። ከተቀመጥሁ የሚያነሣኝ የለም። ይኸው እንደምትሰማው፣ እኔም ቁም ሳጥኑም አርጅተን ተደጋግፈን ነው የቆምነው። ማንኛችን ቀድመን እንደምንወድቅ እንጃ!»

ጠመንጃ ያዦቹ ሳቁ።

አክስቴ አልተደገፈችም ነበር። ይህን የነገረችኝ አርጅታ፣ አልጋ ላይ ሆና፣ እኔ ትራሷን ሳስተካክል ነው። «ተደግፌ መሰለሽ?» አለችኝ። «ይገፋ ነበር እኮ። ሳንቃውን አልፎ፣ ልብሱ መካከል ገብቶ በትከሻው ይገፋኝ ነበር። አንቺ አረዱኝ ባልሽ ቁጥር ይገፋል። መላጫው እነርሱ እጅ እንደ ገባ ነው ያሰበው፤ እርሱን ለማስወጣት አንቺን የያዙሽ ነው የመሰለው። ከወጣ ደግሞ ሁላችንም አለቀልን። እንግዲህ እኔ ወንድሜን ልጁ ስትታረድ እየሰማ በር ዘግቼበት ቆምሁ።» ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ኮት ለባሹ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። የሳሙና ሽታ አለው።

«አባትሽን ነው የምትጠሪው? የት ነው ያለው?»

«ሩቅ አገር» አልሁ እየተንሰቀሰቅሁ።

«መቼ ይመጣል?»

«መልካም ልጅ ከሆንሁ ይመጣል። እኔ ግን ብሩሹን ነካሁ… አሁን አይመጣም! አይመጣም!»

ለቅሶዬ ከአንጀት ነበርና እርሱም ሰማው። ስንት ሰው ሲዋሽ የሰማ ጆሮ፣ ይህኛው ውሸት እንዳልሆነ ዐወቀ። ቀና ብሎ ኮቱን አስተካከለ። ከዚያ መስተዋቷን አንሥቶ፣ እንደ ፀጉር አስተካካይ፣ በፊቴ ያዘልኝ።

«ይኸው አለቀ። እዪው።»

አየሁ። መስተዋቷ ውስጥ ራሱ እንደ እንቁላል የሆነ፣ በደምና በአረፋ የተዥጎረጎረ፣ ጆሮው የገነነ ፍጡር ቁልጭ ቁልጭ ይል ነበር። አፌን ስከፍት እርሱም ከፈተ። ጩኸቴ በዚያው ቆመ።

«ስትጮኺ መያዙ አልከበደኝም፤» ብላኛለች አክስቴ በሌላ ቀን። «ዝም ስትዪ እርሱም መግፋቱን ተወ። ያን ጊዜ ነው እኔ ልወድቅ የነበረው።»

ኮት ለባሹ ከሱሪው ላይ የእኔን ጠጉር አራገፈ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ እናቴን፣ «ባልሽ ሲመለስ ምላጩን ይለውጥ። ደንዝዟል» አላትና ወጣ። ዐውቆ ያለፈን ሰው ነበር ወይስ ሳያውቅ የሄደ? እናቴ ዐውቋል ትል ነበር፤ አክስቴ እንዲያ ያለ ሰው ዐውቆ አይሄድም ትል ነበር፤ ሁለቱም ሳይስማሙ ዐረፉ።

የእግራቸው ድምፅ ርቆ እስኪጠፋ ማንም አልተነቃነቀም። እናቴ መላጫውን እንደ ያዘች መሬት ላይ፣ ከጠጉሬ መካከል ተቀመጠች። አክስቴ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተላቀቀች፤ በሩም ከኋላዋ በራሱ ተከፈተና አንድ ሰው በጉልበቱ ወደቀ።

የፊቱ አንድ ወገን የተላጨ፣ ሌላው ወገን አረፋ የደረቀበት ነበር። ጥፍሮቹ ደምተዋል። ሳይነሣ፣ በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ወደ እኔ መጣና ሁለት እጆቹን አንገቴ ላይ አደረገ። ጣቶቹ ከጉሮሮዬ ጀምረው አንገቴን ዙሪያውን ዳበሱ፤ ደግመው ዳበሱ። ከሩቅ አገር የሚመጣ አባት ልጁን የሚስመው እንዲህ ነው እንዴ ብዬ ተገረምሁ።

«አየችህ!» አለች እናቴ ካለችበት። «ምን አደረግህ፣ አየችህ እኮ!»

«አየችኝ» አለ። ሁለቱም የተናገሩት ቃል ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላወቅሁም። ሰው ቢጠይቀኝ አባዬ መጥቷል እላለሁ፤ ስለዚህ አባቴ ከዚያች ሰዓት በኋላ በገዛ ቤቱ ማደር አይችልም ነበር። በሕይወት መኖሬን በዓይኑ ለማየት መደበቂያውን ዋጋ አድርጎ ከፈለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጓሮ ወጣ። ዘመኑ ተለውጦ ሲመለስ ጠጉሩ ነጭ፣ እኔ ደግሞ ኮረዳ ነበርሁ፤ በጎዳና ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም ነበር።

ይህ ሁሉ ገና ወደፊት ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጣም አርፍዷል። አባቴ ደም የሚያቆመውን ነጭ ድንጋይ ውሃ አስነክቶ የተቆረጠውን አናቴን እየነካካ ሳለ፣ ይህን ጥፋቱን ልነግረው ቆርጬ ተነሣሁ።

«ስጠራህ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

ድንጋዩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«መጣሁ» አለ። «በሩ አልከፈት አለኝ።»

«አክስቴ ናታ!» ብዬ ጮኽሁ፤ በጣቴም አመለከትኋት። «ሁልጊዜ እርሷ ናት የምትቆልፈው!»

አባቴም፣

«አዎ፣ እርሷ ናት» አለኝና ተነሥቶ ወደ እርሷ ሄደ። ሲቆጣት ለማየት ጓጓሁ። እርሱ ግን ጎንበስ ብሎ፣ በሩን ይዛ በዋለችበት በኩል ትከሻዋን ሳማት፤ ፊቱንም ከዚያ ሳያነሣ ብዙ ቆየ። አረፋው ልብሷ ላይ ተለጠፈ።

እኔ ግን በር ቆልፋበት እንዲህ መሳሟ አንገበገበኝ። ከወንበሬ ወርጄ፣ ጠጉሬን እየረገጥሁ ወጥቼ፣ እስኪመሽ ድረስ አላናገርኋትም።